ስክሪኑ ሲጠቁር ካርዱን ከመወንጀልዎ በፊት

ጥር የሰርግ ወር ነው። ለቪዲዮ ኤዲተር ደግሞ የኮምፒውተሩ መፈተኛ ወር ነው። ቀን ካሜራ ተሸክሞ የዋለ ሰው ማታ ፕሪሚየር ከፍቶ ይቀመጣል፣ የሁለት ሰዓቱን ፊልም ኤክስፖርት ያዝዛል፣ ሥራው ከግማሽ ሲያልፍ ስክሪኑ ድርግም ይላል። ፋኑ ይጮኻል፣ ስፒከሩም አልተዘጋም፤ የሚታይ ነገር ብቻ የለም። በማግስቱ ማሽኑን የሚያየው ሰው ከሁለት አንዱን ይፈርዳል፤ «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል፣ ሌላ ይገዛ» ወይም «ፎርማት ይደረግ»።

ሁለቱም አልፎ አልፎ ልክ ይሆናሉ። ችግሩ ፍርዱ ከምርመራው መቅደሙ ነው። አዲስ ካርድ ገብቶ ስክሪኑ ያው ሲጠቁር፣ ጥፋቱ የፓወር ሰፕላዩ ወይም የአቧራው እንደነበር የሚታወቀው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ነው። እኔ እንደማየው፣ በእኛ አገር ሁኔታ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት መብራቱ፣ ሙቀቱና ማያያዣው ነው። ካርዱ ራሱ የሚጠየቀው መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ምንም ከማያስወጣው ጀምረን ወደሚያስወጣው እንሂድ።

የማወራው ስለ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ብዙ ስቱዲዮና የዲዛይን ቤት የሚሠራበት ማሽን በውጭ አገር ቢሮ አገልግሎ የመጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ እዚያ ላይ ያገለገለ የኤንቪዲያ ካርድ ይጨመርበታል። ኦፕቲፕሌክስ 7010ን ምሳሌ እናድርግ። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ፣ የሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ 7 የሚይዝ፣ ዛሬም ሰርግ የሚቀናበርበት ማሽን ነው። ሌላ ዓይነት ካለዎት ቁጥሮቹ ይለያዩ ይሆናል እንጂ አካሄዱ ያው ነው።

ስክሪኑ በሥራ መሃል ሲጠቁር መጀመሪያ ማድረግ ያለብዎት ነገር ፓወር በተኑን ይዞ አለማጥፋት ነው። ብዙ ጊዜ ኮምፒውተሩ አልሞተም። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልን፣ ሺፍትንና «ቢ»ን አንድ ላይ ይጫኑ፤ ይህ የግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ እንደገና ያስነሳል። ጢጥ ብሎ ስክሪኑ ከተመለሰ ወዲያው ሥራዎን ሴቭ ያድርጉ። ካልተመለሰ ፓወር በተኑን አንዴ ነካ አድርገው ይልቀቁትና ይጠብቁ፤ ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ስክሪን ባይኖረውም በሥርዓቱ ይዘጋል። ከዚያ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት የሰው ሰርግ ያለበትን ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። የካርድ ብልሽት ሃርድ ዲስክ አያጠፋም፤ ደጋግሞ በግድ ማጥፋት ግን ፋይል ያበላሻል።

ምልክቱን በደንብ ማየት ግማሽ ምርመራ ነው። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ በራሱ ከተነሳ ጥርጣሬው ወደ ኃይል ያዘነብላል። ኢቨንት ቪውወር ከፍተው «ሲስተም» የሚለው ውስጥ ቢገቡ «ከርነል ፓወር 41» የሚል መዝገብ ያገኛሉ። ይህ ማሽኑ በሥርዓት ሳይዘጋ ጠፋ ከማለት በቀር ምክንያቱን አይነግርዎትም፤ እርስዎ በተኑን ይዘው ቢያጠፉትም ይመዘገባል። ድምፁ እየተሰማ ስክሪኑ ብቻ ጠቁሮ ከተመለሰ ደግሞ የሚያገኙት ቁጥር 4101 ነው። ዊንዶውስ ካርዱ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልሰጠው ድራይቨሩን ዘግቶ ያስነሳዋል፤ 4101 የዚያ ማስታወሻ ነው። ሁለቱን ሰከንድ በሬጂስትሪ አራዝሙ የሚል ምክር ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ከባድ ሥራ ለሚሠራ ጤነኛ ካርድ ይጠቅም ይሆናል፤ ለታመመው ግን ምልክቱን መሸፈን ነው።

ሌላው ምልክት በዓይን የሚታየው ነው፤ ባለቀለም ነጠብጣብ፣ የተበታተኑ ትንንሽ ሳጥኖች፣ ከላይ እስከ ታች የወረዱ መስመሮች። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ መቼ ጀመረ የሚለው ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ፣ ገና የዴል አርማ ሲወጣ መስመሩ ካለ፣ በዚያች ሰዓት ዊንዶውስም ድራይቨርም አልተነሱም። ስለዚህ ፎርማት ማድረግ ልፋት ብቻ ነው። ጥፋቱ የሃርድዌር ነው፤ ገመዱና ሞኒተሩ ደህና ከሆኑ በአብዛኛው የካርዱ ሜሞሪ ነው። ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ብቻ ከታየ ግን ስክሪንሾት አንስተው ወደ ስልክዎ ይላኩት። ነጠብጣቡ ስልኩም ላይ ከታየ ሥዕሉ የተበላሸው ካርዱ ወይም ድራይቨሩ ዘንድ ነው። ስልኩ ላይ ሥዕሉ ንጹሕ ከሆነ ጥርጣሬዎን ወደ ገመዱ፣ ወደ ሞኒተሩና ወደ ካርዱ መውጫ ያዙሩ። ይህች ሙከራ ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም፤ ሲጠቀሙባት ግን እምብዛም አላይም።

ጨርሶ ምንም ሳያሳይ «ቢፕ» የሚል ማሽንም አለ። አሮጌ ኦፕቲፕሌክሶች ላይ ስድስት ቢፕ የቪዲዮ ካርድ ችግር ነው፤ ሁለት ቢፕ ራም አልታየኝም ማለት ነው። አዋርድ ባዮስ ያላቸው ማዘርቦርዶች ለቪዲዮ ችግር አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ያሰማሉ። ቢፑን ይቁጠሩ፣ ይጻፉት።

አሁን ነፃ ወደሆኑት ሙከራዎች እንሂድ። ገመዱን ይቀይሩ። ሞኒተሩን በሌላ ማሽን ወይም በላፕቶፕ ይሞክሩ። ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ርካሽ አዳፕተር መሃል ላይ ካለ አውጥተው ይሞክሩ፤ ካርድ ያስወነጀለ አዳፕተር ስንት አለ መሰለዎት። ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ የተሰኩበትን ዲቫይደር ትተው በቀጥታ ግድግዳው ላይ ይሰኩ።

ከዚያ ኬዙ ይከፈታል። ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ፓወር በተኑን ጥቂት ሰከንድ ተጭነው ውስጥ የቀረውን ኃይል ያስጨርሱ፤ እጅዎን ያልተቀባ ብረት ላይ ያሳርፉ። ይህ በተለይ በደረቁ ወራት የቅንጦት ጥንቃቄ አይደለም፤ የማይሰማዎት ስታቲክ ቺፕ ይገድላል። ካርዱን የያዘውን ብሎን ይፍቱ፤ ከስሎቱ ጫፍ ያለችውን የፕላስቲክ መያዣ ሳይጫኑ ግን ካርዱን አይሳቡ። ወርቃማዎቹን ጥርሶች በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ። በላጲስ የሚያሹ ብዙ ናቸው፤ ለስላሳውና ነጩ ከሆነ፣ ቀስ ተብሎም ከሆነ ጉዳት የለውም፤ ፍርፋሪው ግን ስሎቱ ውስጥ እንዳይገባ። የእስክሪብቶ ማጥፊያውን ሻካራ ላጲስ ፈጽሞ አያስጠጉት፤ ወርቁን ይልጠዋል። ካርዱ በወጣበት አጋጣሚ ራሞቹንም አውጥተው መልሰው ይሰኩ። ስክሪን አልሰጥ ያለ አሮጌ ማሽን ራሙ ነቅነቅ ተደርጎ ብቻ የሚነሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ካርዱን አልመለስነውም። ሞኒተሩን ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መውጫ ይሰኩና ኮምፒውተሩን ያስነሱ። የሦስተኛ ትውልዱ ኮር አይ 7-3770 ኤችዲ 4000 የሚባል የራሱ ግራፊክስ አለው። የሌሎቹ ማሽኖች ባለቤቶች ፕሮሰሰራቸውን አስቀድመው ይመልከቱ፤ ብዙዎቹ ዚዮኖችና ስማቸው በ«ኤፍ» የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም። ካርዱ ወጥቶ ማሽኑ ማታውን ሙሉ ያለ እክል ከሠራ፣ ብዙ ሰው «ይኸው፣ ካርዱ ነው» ይላል። አይቸኩሉ። ካርዱን ሲያወጡ የወጣው ካርዱ ብቻ አይደለም፤ ፓወር ሰፕላዩ የተሸከመው ጭነትም አብሮ ወጥቷል። የደከመ ፓወር ሰፕላይ ሸክሙ ሲቀልለት ደህና ይመስላል።

ስለ ኃይሉ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ገንዘብ በብዛት የሚባክነው እዚህ ነውና። የኦፕቲፕሌክስ 7010 ሚኒ ታወር ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት ነው፤ የጠባቡ ኬዝ 240 ዋት ነው። ግራፊክስ ካርዱ የሚሰካበት ስሎት በመለኪያው መሠረት እስከ 75 ዋት ይሰጣል፤ አንዳንድ ጠባብ ኬዞች ግን ከዚያ ያነሰ ስለሚፈቅዱ የማሽኑን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል። ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60 ዋት፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋት ይፈልጋሉ፤ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቁት ዓይነቶች እዚህ ማሽን ላይ ይሠራሉ። ጂቲኤክስ 960 ወይም 1060 ግን 120 ዋት የሚበላና ባለስድስት ፒን ገመድ የሚጠይቅ ነው። ይህ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ያ ገመድ የለውም።

እዚህ ላይ ነው ገበያው አዳፕተር የሚያቀርበው። የሃርድ ዲስኩን የሳታ ኃይል ወደ ስድስት ፒን የሚቀይረውን ገመድ አይግዙ፤ ከተገጠመም ያውጡት። የሳታ መሰኪያ ለ12 ቮልት ሦስት ፒን አለው፤ እያንዳንዱ 1.5 አምፒር ይሸከማል፤ ድምሩ 4.5 አምፒር፣ በ12 ሲባዛ 54 ዋት ነው። ስድስት ፒኑ ግን እስከ 75 ዋት የመሳብ መብት አለው። ውጤቱ በመጀመሪያው ቀን አይታይም። አንድ ኤክስፖርት ሲጠፋ፣ ሌላው ሲያልቅ ይከርምና አንድ ቀን ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ይሸታል። መሰኪያዎቹን ነቅለው ይዩአቸው፤ ነጩ ፕላስቲክ ወደ ቡኒ ካደላ፣ ፒኑ ከጠቆረ፣ የሚፈልጉት ማስረጃ እጅዎ ላይ ነው።

ቴስተር ያለው ሰው ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ በቢጫውና በጥቁሩ ሽቦ መካከል ይለካ። 12 ቮልቱ ወደ ላይም ወደ ታችም አምስት በመቶ መወዛወዝ ይፈቀድለታል፤ ማለትም ከ11.4 እስከ 12.6። ሥራ ሲፈታ 12.1 የነበረው ኤክስፖርት ሲጀመር ከ11.4 በታች ከወረደ ካርዱን ይተዉት፤ የሚቀየረው ፓወር ሰፕላዩ ነው። 7010 ሚኒ ታወር በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው፤ የማዘርቦርዱ መሰኪያ የተለመደው ባለ 24 ፒን ስለሆነ ከገበያ የተገኘ ደህና ፓወር ሰፕላይ ይቀበላል። ቀጥሎ የመጣው 9020 ዴል ለራሱ የሠራውን ባለስምንት ፒን ስለሚጠቀም ለዚያ ማሽን መቀየሪያ ገመድ ያስፈልጋል። የፓወር ሰፕላዩን ሳጥን ራሱን ከፍተው ለመጠገን ግን አይሞክሩ፤ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰው የሚጎዳ ኃይል ይይዛሉ።

የቤቱ መብራትም አለ። ኬዙን ሲነኩት ይነዝራል? ይህን ጥያቄ ስጠይቅ «አዎ፣ ግን ትንሽ ነው» የሚል መልስ የተለመደ ነው። መንዘሩ ሶኬቱ የመሬት መስመር እንደሌለው ወይም ዲቫይደሩ ሦስተኛውን እግር እንደማያገናኝ ይናገራል። መሬት በሌለው ቤት ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ በርተው ሳለ ኤችዲኤምአይ መሰካት የካርዱን መውጫ ሊገድለው ይችላል፤ ሁለቱንም አጥፍተው፣ ከግድግዳ ነቅለው ይሰኩ። የመሬት መስመሩን ኤሌክትሪሺያን ያስተካክለው፤ ከካርድ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ሥራ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መሰኪያውን ይንቀሉና ተመልሶ እስኪረጋጋ ይጠብቁ፤ ጉዳቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሲመለስ ነው። ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ስታቢላይዘር ወይም ደህና ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ይህን በራሱ ይሠራልዎታል።

ከኃይል ቀጥሎ ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ቀዝቃዛ ናት ብለው አይዘናጉ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ የሚያዞረው አየር ያው ቢሆንም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው ያንሳል፤ ስለዚህ ካርዱ ቆላ ወርዶ በዚያው የክፍል ሙቀት ቢሠራ ከሚሞቀው ይልቅ እዚህ ይሞቃል። ድሬዳዋ ደግሞ አየሩ ወፈር ይላል፣ ክፍሉ ግን ራሱ ይግላል።

ጂፒዩ ዚ ወይም ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች የካርዱን ሙቀት ያሳያሉ። ሥራ ሲፈታ 35 ወይም 45 ዲግሪ፣ ኤክስፖርት ላይ 70ዎቹ ውስጥ ከሆነ ደህና ነው። የእነ 750 ቲአይና 1050 ቲአይ ዘመን ካርዶች 80ዎቹ ሲጀምሩ ፍጥነታቸውን በራሳቸው ይቀንሳሉ፤ የመጨረሻ ገደባቸው 90ዎቹ አጋማሽ አካባቢ ነው። ኤክስፖርቱ በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ 90ን አልፎ ስክሪኑ ከጠቆረ ምክንያቱን አግኝተዋል። ለሙከራ ብለው ካርድን የሚያስጨንቀውን ፈርማርክ የሚባል ፕሮግራም በአሮጌ ካርድ ላይ ለረጅም ጊዜ አይልቀቁ፤ ደህናውንም ካርድ ያሠቃያል። ከራስዎ ፕሮጀክት የተሻለ መፈተኛ የለም።

የካርዱን የፕላስቲክ ሽፋን ከፍተው ያዩ ሰዎች የማገኘውን ሥዕል ያውቁታል። ከላይ ሲታይ ፋኑ ንጹሕ ነው፤ አቧራው ያለው ከፋኑ ስር፣ የአሉሚኒየሙ ክንፎች መግቢያ ላይ ነው፤ እንደ ስስ ብርድ ልብስ ተነጥፎ አየሩን ዘግቶታል። ጠርዙን በጥርስ እንጨት ቢያነሱት አንድ ሆኖ ተያይዞ ይወጣል። ከውጭ በብሎወር መንፋት ይህንን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። ሽፋኑ ይፈታ፣ አቧራው በለስላሳ ብሩሽ ይነሳ፣ ከዚያ ይነፋ። ሲነፉ ፋኑን በጣትዎ ይያዙት፤ በአየር ኃይል ከመጠን በላይ ሲሽከረከር መሽከርከሪያው ይጎዳል፣ ወደ ካርዱም ኤሌክትሪክ ሊመልስ ይችላል። ኮምፒውተሩን ጎሚስታ ወስደው በጎማ መሙያው የሚያስነፉም አሉ። ያ ኮምፕረሰር ከአየሩ ጋር ውኃና ዘይት ይተፋል፤ ግፊቱም ለትንንሾቹ ክፍሎች የማይመጥን ነው። ይቅርብዎ።

ከአቧራው በኋላም ሙቀቱ ካልወረደ በቺፑና በማቀዝቀዣው መካከል የተቀባው ፔስት ደርቆ ሊሆን ይችላል። ማቀዝቀዣውን ከቺፑ ጋር ያያዙት ከካርዱ ጀርባ ያሉ ብዙውን ጊዜ አራት ብሎኖች ናቸው፤ ካቻቢቴውን በመስቀለኛ እያዞሩ ሁሉንም ጥቂት ጥቂት ይፍቱ። ማቀዝቀዣው ላላ ሲል አይጎትቱት፤ የፋኑ ሽቦ ከስር ተሰክቷል። የደረቀውን ፔስት በአልኮልና በጥጥ ያጥፉት፤ በጥፍር አይፋቁት። የሩዝ ፍሬ የሚያህል አዲስ ፔስት ቺፑ መሃል ላይ ይበቃል። ሜሞሪዎቹ ላይ ለስላሳ ፓዶች ካሉ እንዳይቀደዱ፤ በእነሱ ቦታ ፔስት አይተካም፤ ክፍተቱን አይሞላውምና። ሲመልሱም በመስቀለኛ፣ ሳያስጨንቁ ነው።

ፋኑ ራሱ ከደከመስ? ማሽኑ ጠፍቶ በጣትዎ ገፋ ያድርጉት፤ ጥቂት ዙር መሄድ አለበት። ወዲያው ከቆመ ከመሃሉ ያለውን ተለጣፊ ወረቀት አንስተው አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያድርጉበት። የምግብ ዘይት ይደርቅና ያጣብቀዋል። ዘይቱ መፍትሔ ሳይሆን ጊዜ መግዣ ነው፤ ሰርጎቹ እስኪያልፉ ግን ያደርስዎታል።

ኃይሉም ሙቀቱም ደህና ከሆኑ ተራው የድራይቨር ነው። ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም በሴፍ ሞድ ገብተው የድሮውን ድራይቨር ሙሉ በሙሉ ያጥፉና አዲስ ይጫኑ። ዊንዶውስ በራሱ የሚያወርደው እንዳይቀድምዎ ኢንተርኔቱን ያቋርጡ። እዚህ ላይ የካርድዎን ትውልድ ማወቅ ይጠቅማል። ኬፕለር የሚባሉት፣ አብዛኞቹ የ600 እና የ700 ተከታታይ ካርዶች፣ በ470ው የድራይቨር ቅርንጫፍ ላይ ቆመዋል። 750 ቲአይ በስሙ የ700 ቢመስልም ማክስዌል የሚባለው ትውልድ ነው፤ እሱና እነ 1050 ቲአይ የሚሄዱት እስከ 580ው ቅርንጫፍ ነው። ስለዚህ አዲስ የፕሪሚየር ቨርዥን «ድራይቨሩ አይደገፍም» ቢልዎ ካርዱ ተበላሸ ማለት አይደለም። ለካርዱ የሚስማማውን የቆየ ቨርዥን መጠቀም ነው እንጂ ድራይቨር ፍለጋ ሌሊት ማደር አያስፈልግም። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ «ኮድ 43» ከታየና ድራይቨሩ ጸድቶ ተጭኖም ከተመለሰ ግን ነገሩ ወደ ካርዱ ያዘነብላል።

ፕሪሚየር ራሱ አንድ ጥሩ መፈተኛ ይዟል። ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ «ጄኔራል» የሚለው ላይ ሬንደረሩን ከኩዳ ወደ «ሶፍትዌር ኦንሊ» ይቀይሩት፣ የኤክስፖርቱን ኢንኮዲንግም ወደ ሶፍትዌር ይመልሱት። ይዘገያል፤ ግን ያ ሁልጊዜ የሚወድቀው ፊልም እስከ መጨረሻው ከሄደ ጥፋቱ በካርዱ፣ በድራይቨሩ ወይም ካርዱ በሚስበው ኃይል ዙሪያ መሆኑን ያውቃሉ፤ ሥራውም ለደንበኛው ደረሰ። አሁንም እዚያው ቦታ ላይ ከወደቀ ደግሞ የቪዲዮ ፋይሉን ወይም ራሙን ይመርምሩ፤ ሜምቴስት 86ን በፍላሽ አስነስቶ ማሳደር ነው።

አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን የሜሞሪ ፍጥነት በጥቂት መቶ ሜጋኸርትዝ ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ነጠብጣቡ ከጠፋ ሜሞሪው እየደከመ ነው። እንዲህ የተቀነሰ ካርድ አንዳንዴ ለወራት ያገለግላል፤ ሌላ ጊዜ ሳምንት አይቆይም። ለማንኛውም መተኪያውን ማሰብ ይጀምሩ።

የመጨረሻው ማስረጃ መስቀለኛው ሙከራ ነው። የእርስዎ ካርድ በጓደኛ ማሽን ላይ፣ የጓደኛ ካርድ በእርስዎ ማሽን ላይ። ሁለቱም መደረግ አለባቸው፤ አንዱ ብቻውን ግማሽ መልስ ነው። ካርዱ በሌላውም ማሽን ካጠቆረና የጓደኛዎ ተመሳሳይ ካርድ በእርስዎ ማሽን ሌሊቱን ከሠራ፣ አሁን በካርዱ ላይ መፍረድ ይችላሉ። አዲስ የተሰካው ካርድ አሮጌ ማሽን ላይ ጨርሶ ካልታየ ደግሞ ባዮሱን ያድሱ፣ ሴኪዩር ቡትንና ሌጋሲ የሚሉትን ሴቲንጎች ይዩ፤ የቆዩ ካርዶች ሌጋሲው ከተዘጋ ሥዕል አይሰጡም።

ካርዱ ጥፋተኛ ከሆነ በኋላ «እናሙቀው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። በሆት ኤር ወይም በምድጃ የተጋገረ ካርድ በእርግጥ ሊነሳ ይችላል፤ ለዚያም ነው ወሬው የማይጠፋው። ነገር ግን ቺፑ በጣም በደቃቅ የብየዳ ነጥቦች መጀመሪያ ከራሱ መቀመጫ ጋር፣ መቀመጫው ደግሞ ተለቅ ባሉ ነጥቦች ከቦርዱ ጋር ይያያዛል። በሙቀትና በቅዝቃዜ ምልልስ የሚሰነጠቁት ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2008 በተለይ ላፕቶፕ ላይ ለወደቁ ቺፖቹ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚመድብ አስታውቆ ነበር፤ የዚያ ጣጣ ምንጩ እንዲህ ያለው ብየዳና በዙሪያው ያለው ማጣበቂያ ነበር። እርሳስ አልባው የቦርድ ብየዳ የሚቀልጠው ወደ 217 ዲግሪ ገደማ ነው። የቤት ምድጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ስንጥቁን ለጊዜው ማቀራረብ ነው፤ ከዚያ ሰርግ መሃል ይመለሳል። ጭሱም እንጀራና ዳቦ በሚጋገርበት ቤት የሚተነፈስ አይደለም። የተነፋ ካፓሲተር፣ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም ሞስፌት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቴስተርና ትክክለኛ መለዋወጫ ያለው ባለሙያ በርግጥ ይጠግነዋል። «አሙቄ አነሳዋለሁ» የሚለውንና «ይህች ክፍል ሾርት አድርጋለች» ብሎ የሚያሳይዎትን ለይተው ይክፈሉ።

መተኪያ ሲገዙ ስሙ ብቻ አይበቃም። ጂቲ 1030 30 ዋት ብቻ ስለሚበላ ለጠባብ ኬዝ ይመቻል፤ ነገር ግን ቪዲዮ የሚያሽገው የኤንቪዲያ ኢንኮደር የለውም፣ ባለ ዲዲአር 4 ሜሞሪው ዓይነት ደግሞ ከባለ ጂዲዲአር 5ቱ በጣም የዘገየ ነው። ለኤዲተር ዋጋው ከተቀራረበ ያገለገለ 1050 ቲአይ ይሻላል። ገበያው ውስጥ ባዮሳቸው ተቀይሮ በትልቅ ስም የሚሸጡ አሮጌ ካርዶችም አሉ፤ ዊንዶውስ ስሙን እንዳለ አምኖ ያሳያል። ጂፒዩ ዚ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ባሉት ቨርዥኖቹ ብዙዎቹን የኤንቪዲያ አስመሳዮች ለይቶ ስማቸው ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፋል። ስለዚህ ጂፒዩ ዚንና ከራስዎ ሰርጎች አንዱን በፍላሽ ይዘው ይሂዱ፤ ሱቁ ማሽን ላይ አሰክተው ግማሽ ሰዓት ኤክስፖርት ያስደርጉት፣ ሙቀቱንም አብረው ይዩ። ደረሰኙ ላይ የካርዱ ሴሪያል ቁጥርና የዋስትናው ቀን ይጻፍ። ሴሪያሉ የተለጠፈበት ወረቀት ተልጦ ከሆነ ሌላ ሱቅ ይጠይቁ።